“የባዮግራፍ ልጅ” ስም ነበራት

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከእኛ በፊት መድረኩን ይዛችሁ ያቆያችሁልን ታላላቆቻችን፣ የካሜራ፣ የመብራት፣ የድምፅ፣ የአልባሳትና የሜካፕ ባለሙያዎች፣ በቅርቡ ወደ ሙያው የተቀላቀላችሁ ወጣቶች፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ።

የዝግጅቱ አስተባባሪዎች ለዛሬ ምሽት የሰጡኝ ርእስ “የድምፅ አልባው ዘመን ሴት ተዋንያን” የሚል ነው። ርእሱን ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ፤ ነገር ግን በተፈቀደልኝ ሰዓት ውስጥ የአሥር ሴቶችን ስም መደርደር ለአንዳቸውም ክብር እንደማይሆን ስላመንኩ ስለ አንዷ ብቻ ልናገር ወስኛለሁ። የመረጥኳት ዝነኛዋን አይደለም። ሜሪ ፒክፎርድን በዚህ አዳራሽ የማያውቅ የለም፤ ሊሊያን ጊሽንም ቢሆን የፊልም ትምህርት የቀመሰ ሁሉ ሰምቷታል። ፍሎረንስ ሎውረንስ ስል ግን ብዙዎቻችሁ እርስ በርስ እንደምትተያዩ እገምታለሁ። ወደ ሦስት መቶ በሚጠጉ ፊልሞች ላይ የተወነችው፣ ሕዝብ መንገድ ላይ ልያት ብሎ የተጋፋላት፣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም “የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ” የሚሏት ይህች ሴት ነች። ለምን እንዳላወቅናት መናገር ነው የዛሬው ሥራዬ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልኝ።

ፍሎረንስ አኒ ብሪጅውድ በ1886 በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ግዛት፣ በሃሚልተን ከተማ ተወለደች። አባቷ ከእንግሊዝ የመጣ ሠረገላ ሠሪ ሲሆን፣ እናቷ ሻርሎት ደግሞ ሎታ ሎውረንስ በሚል የመድረክ ስም የምትታወቅ፣ ከከተማ ከተማ የሚዞር የራሷን የቲያትር ቡድን የምትመራ ተዋናይት ነበረች። ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ከእናቷ ጋር መድረክ ላይ ትወጣ ነበር፤ አድጋ የተጠራችበትም ስም ከአባቷ ሳይሆን ከእናቷ የመድረክ ስም የተወሰደ ነው። ወላጆቿ የተለያዩት የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው፤ ከዚያ በኋላ እናትየዋ ወደ አሜሪካ፣ ወደ በፋሎ ከተማ ይዛት ሄደች። ስለ ልጅነቷ ከዚህ በላይ አልሄድም፤ በጉዞ ላይ ያደገ የተዋናይ ልጅ ኑሮ ምን እንደሚመስል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ወደ ፊልም ያስገባት ፈረስ ግልቢያ ነው። በ1906 መጨረሻ ኒው ዮርክ ውስጥ የቲያትር ሥራ ፍለጋ ስትንከራተት፣ የኤዲሰን ኩባንያ ስለ ዳንኤል ቡን ለሚሠራው ፊልም ፈረስ መጋለብ የምትችል ወጣት እንደሚፈልግ ሰማች። ተቀጠረች፤ እናቷም አብራ ተቀጠረች። አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ውስጥ፣ ደጅ ላይ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ሠርተው የቀን ክፍያቸው አምስት ዶላር ነበር። ቀጥላ ቫይታግራፍ ወደሚባለው ኩባንያ ገባች፤ እዚያም በሳምንት ሃያ ዶላር እየተከፈላት ትወናውን ከአልባሳት ስፌት ጋር ደርባ ትሠራ ነበር። ከካሜራ ፊት ዞር ስትል መርፌና ክር ትይዛለች ማለት ነው። ከእናንተ መካከል ቀን መሪ ተዋናይት፣ ማታ ደግሞ የራሷን ቀሚስ ተኳሽ ሆና የሠራች ሴት ብትኖር ይህ ታሪክ አዲስ እንደማይሆንባት አውቃለሁ።

በ1908 ባዮግራፍ ወሰዳት። ኩባንያው በኒው ዮርክ በምሥራቅ 14ኛው መንገድ ላይ በሚገኝ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ ዴቪድ ግሪፊዝ የሚባል፣ በትወና ብዙም ያልተሳካለት ሰው በዚያው ዓመት የዳይሬክተርነቱን ሥራ ጀምሮ ነበር። ግሪፊዝ አያትና ፈለጋት፤ ክፍያዋም በሳምንት ሃያ አምስት ዶላር ሆነ። በዚያው ዓመት የሥራ ባልደረባዋን ሃሪ ሶልተርን አገባች። ዛሬ ለአንድ ፊልም ሁለት ዓመት የምትለፉ ወጣቶች ስሙኝ፤ ግሪፊዝ በዚያ በመጀመሪያው ዓመቱ ስድሳ ያህል ፊልሞችን ሲሠራ በአብዛኞቹ ውስጥ ፍሎረንስ ነበረች። በእርግጥ እያንዳንዱ ፊልም አንድ ጥቅል፣ ማለትም ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሆን ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የምታለቅስ እናት፣ ከነገ ወዲያ ባሏን የምታስጨንቅ ቀልደኛ ሚስት፣ በሚቀጥለው ሳምንት የቶልስቶይ “ትንሣኤ” ውስጥ ያለችውን ተታላ የተጣለች ሴት መሆን ቀላል ሥራ አይደለም። በ1909 “የእመቤት ሄለን ጀብዱ” በተባለው ፊልም የተቀማጠለ ኑሮ የሰለቻት እመቤት ለጨዋታ ብላ ቤት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር ታያላችሁ። ሳህን የምታነሣበትን አኳኋን ብቻ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ሳህን ይዞ የማያውቅ እጅ እንደሆነ አንድም ቃል ሳይነገር ይገባችኋል። የዘመኑ ትወና እጅ መወራጨትና ዐይን ማጉረጥረጥ ብቻ ነበር ለሚሉት ይህ ፊልም በቂ መልስ ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። እነዚህ ሁሉ ፊልሞች አምስት ሳንቲም እየተከፈለባቸው በሚታዩ ትንንሽ አዳራሾች ሲታዩ፣ በአንዳቸውም ላይ የተዋንያን ስም አይወጣም ነበር። የኩባንያው ስም ይወጣል፤ ፊልሙ እንዳይሰረቅ ተብሎም የኩባንያው ምልክት ከተዋንያኑ ኋላ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ ነበር። ተዋናይቷ ግን ስም የላትም። ተመልካቹ ይህችን ሴት ወደዳት፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ፈለጋት፤ ማን እንደሆነች የሚነግረው ሲያጣ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። የደብዳቤው ብዛት ቢሮውን ቢያጨናንቅም ኩባንያው አልመለሰም። ሕዝቡም ሌላ መጠሪያ ሲያጣ “የባዮግራፍ ልጅ” አላት። ልክ እዚህ አገር ተዋናይን መንገድ ላይ በገጸ ባሕርዩ ስም እንደምንጠራው፤ ልዩነቱ እኛ የምንጠራው ለምደነው ሲሆን እነዚያ የጠሩት ግን ስሟ ሆን ተብሎ ስለተደበቀባቸው መሆኑ ነው።

ለምን ተደበቀ? ከቲያትር የመጡ አንዳንድ ተዋንያን በፊልም መሥራታቸው እንዳይታወቅባቸው ራሳቸው ይፈልጉ ነበር ይባላል፤ እውነትም አለው፤ ፊልም ያኔ የተናቀ ሥራ ነበር። ዋናው ምክንያት ግን ገንዘብ ነው፤ የኩባንያዎቹ ባለቤቶችም ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ስሙ የታወቀ ተዋናይ ዋጋ ይጠይቃል። ስሙ ያልታወቀ ተዋናይ ቢሄድ ሌላ ፊት ይተካበታል፤ የሚያጣው እሱ እንጂ ኩባንያው አይደለም። ባዮግራፍ ሌሎቹ ሁሉ ስም ማውጣት ከጀመሩ በኋላ እንኳን እስከ 1913 ድረስ የተዋንያኑን ስም ለመግለጽ አሻፈረኝ ብሏል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ “ያኔ ሥርዓቱ ገና አልተበጀም ነበር” የሚል ማስተባበያ አልቀበልም። ሥርዓቱ በደንብ ተበጅቶ ነበር፤ የተበጀውም ሠራተኛዋ ስም እንዳይኖራት ተብሎ ነው!

ፍሎረንስና ባሏ የተሻለ ክፍያ ፍለጋ ኤሳኔይ ለተባለ ሌላ ኩባንያ ደብዳቤ ጻፉ። ኤሳኔይ ግን መልስ በመስጠት ፈንታ ነገሩን ለባዮግራፍ ነገረ፤ ባልና ሚስቱም ከሥራ ተባረሩ። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ከ1908 መጨረሻ ጀምሮ ኤዲሰን የሚመራው የታላላቅ ኩባንያዎች ኅብረት የካሜራውንም የማሳያውንም መብት በእጁ ሰብስቦ ይዞ ነበርና፣ ባዮግራፍም ኤሳኔይም የዚያው ማኅበር አባላት ነበሩ። አንዱ ደጅ የተዘጋበት ሠራተኛ የሌላውን ደጅ ማንኳኳት አይችልም ነበር።

ከኅብረቱ ውጭ የነበረው ካርል ላምሌ ነው። ከጀርመን ላውፕሃይም ከተማ ወጥቶ፣ በዊስኮንሲን ልብስ ሲሸጥ ኖሮ፣ በ1906 ቺካጎ ውስጥ ትንሽ ሲኒማ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ኅብረቱ ፊልም በሚያከራይበት አሠራር ሲማረር አይ ኤም ፒ የሚባለውን የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ በ1909ም የተባረረችውን “የባዮግራፍ ልጅ” ቀጠራት። ቀጥሎ የሆነውን ነገር በዝርዝር እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ፤ ዛሬ ማስታወቂያ ብለን የምንጠራው ነገር ሁሉ አባቱ ይህ ነውና።

በ1910 መጀመሪያ የባዮግራፏ ልጅ ኒው ዮርክ ውስጥ በከተማ ባቡር ተገጭታ ሞተች የሚል ወሬ ተሰማ። በመጋቢት ወር ላምሌ በአንድ የፊልም ነጋዴዎች መጽሔት ላይ ፎቶግራፏን የያዘ ትልቅ ማስታወቂያ አወጣ። የኩባንያው ጠላቶች ጥቁር ውሸት ነዝተዋል፤ ወይዘሪት ሎውረንስ የባቡር አደጋ አልደረሰባትም፤ ፍጹም ጤነኛ ነች፤ በኩባንያችን ፊልሞች መተወኗንም ትቀጥላለች፤ ይላል የማስታወቂያው መንፈስ። እነዚያ ጠላቶች እነማን እንደነበሩ የነገረን ግን የለም፤ የፊልም ታሪክ ጸሐፊዎች ወሬውን የፈጠረው ራሱ ላምሌ እንደሆነ ያምናሉ። ቀብሮ ያስነሣት እሱ ነው። በዚያው ወር መሞቷ የተወራላትን ሴት ከተዋናዩ ከኪንግ ባጎት ጋር አድርጎ ሴንት ሉዊስ ወደምትባለው ከተማ ላካት። ሕዝቡ ሊያያት ወጣ፤ ተጋፋ፤ ከኮቷ ላይ ቁልፍ ለማስታወሻ የነጠቁ ሁሉ ነበሩ ይባላል። ታሪኩ እየተነገረ ሲሄድ እየገዘፈ ስለመጣ የሕዝቡን ብዛት በተመለከተ የሚጠሩትን አኃዞች አልደግምላችሁም። ፊቷን ከመጋረጃ ላይ ብቻ የሚያውቁ ሰዎች በሥጋ ቆማ ያዩዋት በዚያ ቀን ነው።

ታዲያ ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ላምሌን ያደንቃሉ። “ስሟን ሰጣት” ይላሉ። እኔም ብሆን ከባዮግራፍ ይልቅ ላምሌ ይሻላል እላለሁ፤ አንድ ሰው የደበቀውን ሌላው ቢያወጣው ደግ ነው። ነገር ግን ነገሩን ቀርባችሁ ተመልከቱት። ይህች ሴት ከመቶ በላይ ፊልም ሠርታ፣ ፊቷ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ሳለ፣ ስሟ በሰፊው እንዲታወቅ መሞት ነበረባት! ሥራዋ አልበቃም፤ የውሸት ሬሳዋ ነው የበቃው። እዚህ አገርስ? በሕይወት ሳለ ስሙን በፖስተር ላይ ለማስፈር ቦታ ጠበበን ያልነውን ሰው ሲታመም ነው ፎቶውን የምንለጥፈው፤ ሲሞት ነው ሙሉ ስሙን ከነአያቱ የምንጠራው። የሕይወት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሟልቶ የሚነበበው በቀብሩ ላይ የሆነ ባለሙያ ስንት ነው? በዚህ አዳራሽ የተቀመጥን ሰዎች ስንቱን እንዲህ ሸኝተናል?

ስለ “የመጀመሪያዋ ኮከብ” ማዕረግ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በዚያው ዓመት “የቫይታግራፍ ልጅ” ትባል የነበረችው ፍሎረንስ ተርነርም በስሟ መታወቅ ጀምራለች፤ ፈረንሳዊው ማክስ ሊንደርም ከአሜሪካ ውጭ ዝናው የናኘ ነበር። ስለዚህ ማዕረጉ የማያከራክር ነው አልልም፤ ክርክሩም ብዙ አያስጨንቀኝም።

ከላምሌ ጋር አንድ ዓመት ያህል ብቻ ቆይታ በፊላደልፊያ ወደሚገኘው ወደ ሉቢን ኩባንያ ሄደች፤ ላምሌም በእግሯ የኦንታሪዮ ልጅ የሆነችውን ሌላዋን፣ ሜሪ ፒክፎርድን ተካ። በ1912 ግን ታርቀው በእሱ ድጋፍ እሷና ባሏ ቪክተር የሚባል ኩባንያ በኒው ጀርሲ፣ ፎርት ሊ አቋቋሙ። የሳምንት ክፍያዋ አምስት መቶ ዶላር ደረሰ። ከአምስት ዓመት በፊት አልባሳት እየሰፋች ሃያ ዶላር ታገኝ የነበረችው ሴት ናት ይህች፤ ስም ማለት በገንዘብ ሲመነዘር ስንት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚያመጣልኝ የለም። ሰፊ መሬት ገዛች፤ ጽጌረዳ ተከለች፤ መኪና መንዳት ትወድ ነበርና ራሷ ትነዳ ነበር።

ስለ መኪናው ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1914 ገደማ ፍሎረንስ ሁለት ነገሮችን ፈለሰፈች። አንደኛው፣ ነጂው ቁልፍ ሲጫን ከመኪናው ኋላ የሚነሣና ወዴት እንደሚታጠፍ ለሚከተለው የሚያሳይ ክንድ ነው። ሁለተኛው ፍሬን ሲረገጥ “ቁም” የሚል ጽሑፍ ከኋላ ብቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ፍሬቻ የምታበሩ ሁሉ የእሷን ሐሳብ የሚመስል ነገር ትጠቀማላችሁ። የፈጠራ ባለቤትነት መብት ግን አላስመዘገበችም፤ የመኪና አምራቾች ጉዳዩን በራሳቸው መንገድ ሲያሳድጉት ከእሷ ጋር ያያዘው ሰው አልነበረም። እናቷ ሻርሎት በአንጻሩ በ1917 በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመኪና መስተዋት መጥረጊያ ፈልስፋ አስመዝግባለች፤ እሷንም ቢሆን ገንዘቡ አላገኛትም።

በ1910ሮቹ አጋማሽ ለአንድ ፊልም ቀረጻ ተብሎ የተለኮሰ እሳት ከቁጥጥር ውጭ ወጣ። ፍሎረንስ ተቃጠለች፤ ወድቃም ክፉኛ ተጎዳች። ወራት በሕክምና ቆየች። ኩባንያዋ በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሳል የተባለው የላምሌ ትልቅ ኩባንያ አካል ሆኖ ነበር፤ ዩኒቨርሳል የሕክምናዋን ወጪ አልከፍልም አለ። ያ ማለት በውሸት ሞቷ የነገደው ቤት በእውነተኛ ቁስሏ ጊዜ ዘወር አለ ማለት ነው። እንደገና ለመሥራት ሞከረች፤ በ1916 አንድ ረጅም ፊልም ሠርታ ስትጨርስ ሰውነቷ ከድቷት ለአራት ወራት መንቀሳቀስ አቃታት። ከዚያ በኋላ ሙያው ሳይጠብቃት ሄደ። በ1921 ወደ ሆሊውድ ተጉዛ ለመመለስ ሞከረች፤ በ1922 በአንድ ፊልም መሪ ተዋናይት ሆነች፤ ከ1924 በኋላ ያሉት ሚናዎቿ ግን በሕዝብ መካከል የምትታይ ሴት፣ በር የምትከፍት ሴት፣ ተቀምጣ የምታይ ሴት ናቸው። ስሟም ከእነዚያ ፊልሞች ላይ የለም። ከሁለተኛው ባሏ ጋር በሎስ አንጀለስ የመዋቢያ ዕቃዎች መሸጫ ሱቅ ከፍታ ነበር፤ እሱም አልቆየም። በ1936 ኤም ጂ ኤም የተባለው የፊልም ኩባንያ ለቀድሞ ኮከቦች በሳምንት ሰባ አምስት ዶላር እየከፈለ ትንንሽ ሚናዎችን መስጠት ሲጀምር ከተቀጠሩት አንዷ ሆነች። በማይድን የደም በሽታ ትሠቃይ የነበረችው ፍሎረንስ በ1938 ዲሴምበር 28 ቀን ሕይወቷን በራሷ እጅ አጠፋች። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መናገር አልፈልግም።

ስለ መቃብሯ ግን እናገራለሁ። እናቷ በ1929 በሞተች ጊዜ ፍሎረንስ ካላት ላይ አውጥታ ለመቃብሯ ውድ የሆነ ሐውልት አሠርታላት ነበር። ለራሷ ግን ያሠራላት ሰው አልተገኘም። በሆሊውድ መካነ መቃብር ውስጥ እስከ 1991 ድረስ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ምልክት በሌለው አፈር ሥር ተኛች። በ1991 ሮዲ ማክዶዌል የተባለው ተዋናይ ስሙ ሳይጠቀስ ከኪሱ ከፍሎ ድንጋይ አስቆመላት። ድንጋዩ ላይ “የባዮግራፍ ልጅ፣ የመጀመሪያዋ የፊልም ኮከብ” ተብሎ ተጽፏል፤ የልደት ዓመቷም 1890 ተብሎ በስሕተት ሰፍሯል። ስሟን የነፈገው ኩባንያ ስም በመቃብሯ ላይ ሳይቀር ሠፍሮ ይገኛል።

እዚህ ላይ በጣም የሚገርመኝን ነገር ልጨምር። ያኔ በአሜሪካ ሕግ ፊልም ራሱን ችሎ የሚመዘገብ ሥራ ስላልነበረ ኩባንያዎች መብታቸውን ለማስከበር ፊልሙን በረጅም የፎቶግራፍ ወረቀት ጥቅል ላይ እያተሙ በኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡ ነበር። ሕጉ በ1912 ተለወጠ። የፊልሙ ጥሬ ዕቃ በቀላሉ የሚቃጠልና የሚበሰብስ ነው፤ ወረቀቱ ግን ተረፈ። በ1950ዎቹ ኬምፕ ናይቨር የሚባል ሰው እያንዳንዱን ምስል ከወረቀት ላይ ዳግም ወደ ፊልም የመመለስ ሥራ ጀመረ፤ ሦስት ሺህ ያህል ፊልሞችም ከሞት ተነሡ። የባዮግራፍ ፊልሞች ዛሬ በብዛት የምናገኛቸው በዚህ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሳል በአንጻሩ በእጁ የቀሩትን ድምፅ አልባ ፊልሞች በ1948 ራሱ አስወገዳቸው። ስለዚህ ስሟን የደበቀው ቤት ፊቷን አቆየልን፤ ስሟን በአደባባይ ያወጀው ቤት ፊቷን አጠፋብን። ሁለቱም ያደረጉት ለእሷ አስበው አይደለም። ባዮግራፍ ወረቀቱን ያስቀመጠው ንብረቱ እንዳይሰረቅበት ነው፤ ዩኒቨርሳል ፊልሙን ያስወገደው የመጋዘን ቦታ ስለያዘበት ነው። የባለሙያን ስምና ሥራ ለባለ ገንዘብ መልካም ፈቃድ ከተዉት የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ዕድለኛ ከሆነ ይተርፋል፣ ካልሆነም ይጣላል።

ይህን ሁሉ የተናገርኩት ለካናዳዊት ሴት ሙሾ ለማውረድ አይደለም። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤቱን “ሰይጣን ቤት” ብላ በጠራችበት ዘመን ያየችው ድምፅ አልባ ፊልም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ እኛ ግን ዛሬም የባዮግራፍን ሥራ እየሠራን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ፊልም ላይ የዋናውን ገጸ ባሕርይ እናት ሆኜ ተውኜ ነበር። ፊልሙ የተመረቀ ዕለት እንደ ሁላችሁም ቁጭ ብዬ ስም ዝርዝሩን ጠበቅኩ። መኪና ያዋሰው ሰው ስሙ ወጣ፤ ቡና ያፈላልን ካፌ ከነአርማው ወጣ፤ ሆቴሉ ወጣ፤ የፕሮዲዩሰሩ ጓደኞች በምስጋና ተራ በተራ ወጡ። እኔና አብሮኝ የሠራው አዛውንት ተዋናይ፣ የአልባሳቷ ልጅ፣ ሁለቱ የመብራት ልጆች “እና ሌሎችም” ሆነን ቀረን። ፕሮዲዩሰሩን በትሕትና ጠየቅኩት። “እትዬ፣ ሰው እኮ ፊትዎን ያውቀዋል፤ ስም ምን ያደርግልዎታል?” አለኝ። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ አክባሪዬም ነው፤ ወንበር የሚለቅልኝ ሰው ነው። ነገር ግን የተናገረው ቃል ከመቶ ዓመት በፊት በምሥራቅ 14ኛው መንገድ የተባለውን ነው።

ስም ምን ያደርግልኛል? በሚቀጥለው ውል ላይ ዋጋ እንድጠይቅ ያደርገኛል። ፊልሙ በቴሌቪዥንና በዩቲዩብ ሲሸጥ ድርሻዬን እንድጠይቅ ማስረጃ ይሆነኛል። ስታመም ለማኅበሬ የሥራ ዘመኔን የማሳየው በእሱ ነው። የልጅ ልጄ አያቴ ምን ሠራች ብላ ስትፈልግ የምታገኘው በእሱ ነው። ወንበር መልቀቅ ደግ ነው፤ እኔ የምፈልገው ግን ስሜን ነው! ቀረጻ ላይ አሥራ ስድስት ሰዓት ቆማ የምትውለዋም የአልባሳት ልጅ የምትፈልገው ስሟን ነው! ስሟን ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሁለት ሰከንድ ነው፤ ሁለት ሰከንድ የለንም የሚለኝ ሰው ካፌውን አምስት ሰከንድ እንዳቆየው አይቻለሁ!

ቴሌቪዥን ጣቢያዎች የመጨረሻውን ስም ዝርዝር ቆርጠው ማስታወቂያ ማስገባታቸውን፣ ፊልም በኢንተርኔት የሚጭኑ ሰዎችም ርዝመቱን ለማሳጠር መጀመሪያ የሚቆርጡት ያንኑ ክፍል መሆኑን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላብራራም። የድሮ ፊልሞቻችን ቅጂ የት እንዳለ የማፈላለጉ ጉዳይም እንደዚሁ ራሱን የቻለ ውይይት ይፈልጋል።

ስለዚህ ለዛሬው ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ የማኅበራችን አባል የሆነ ማንም ሰው፣ ከመሪ ተዋናይ እስከ መብራት ረዳት፣ ስሙ ሙሉ በሙሉ በፊልሙ ላይ እንደሚሰፍር የሚገልጽ አንቀጽ የሌለበትን ውል እንዳይፈርም። ሁለተኛ፣ ፊልም ለጣቢያ ወይም ለኢንተርኔት ሲሸጥ ስም ዝርዝሩ እንዳይቆረጥ በሽያጭ ውሉ ላይ እንዲገባ። ሦስተኛ፣ የእያንዳንዱ ፊልም አንድ ሙሉ ቅጂ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት እንዲቀመጥ ማኅበሩ ጥያቄ እንዲያቀርብ። የመጀመሪያው ነጥብ በፕሮዲዩሰሮች ዘንድ ቅሬታ እንደሚያስነሣ ይገባኛል፤ አንዳንዶቻችሁም ፕሮዲዩሰርም ተዋናይም ናችሁና ከሁለቱም ወገን ሆናችሁ ተናገሩ፤ ክርክሩን አልፈራም።

የጽሑፉ ቅጂ በጸሐፊያችን እጅ አለ። ሊቀ መንበሩ ለድምፅ ከማቅረባቸው በፊት የተቃውሞም ሆነ የማሻሻያ ሐሳብ ያለው አባል እጁን ያውጣ፤ ስሙንም ጮክ ብሎ ይናገርልን፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ይመዘገባል። አመሰግናለሁ።